ቀይና ሰማያዊው የፕላስቲክ ልብ፦ ገዝቼ፣ ፈትቼ፣ ቀለም ቀብቼ ያየሁት

ቴሌግራም ላይ «የሰው ልብ ሞዴል፣ ኦርጅናል፣ ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ» እየተባለ የሚሸጠውን ፕላስቲክ ልብ ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ቱሉ ዲምቱ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዕቃውን የገዛሁት በራሴ ብር ነው፤ 4,500፣ የማድረሻው ለብቻ። ሻጩ ዘመዴ አይደለም፣ ኮሚሽን የሚሰጠኝም የለም።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ደም በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ለማሳየት ሰሌዳ ላይ ከሚሣል ሥዕል በብዙ ይሻላል፤ ለዚያ ከሆነ ግዙት። የልብ አራት ክፍሎች ለምን አራት ዓይነት እንደሆኑ ለማስተማር ከሆነ ግን እንዳለ አይሠራም፤ ጭራሽ ልጆቹን ያሳስታል። እኔ በጥፍር ቀለም አስተካክዬዋለሁ፤ እንዴት እንደሆነ ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

ስለ አመጣጡ በአጭሩ። ማስታወቂያው «አዲስ አበባ ውስጥ በነፃ እናደርሳለን» ይላል። አድራሻ ስሰጣቸው ግን «ቱሉ ዲምቱማ ከከተማ ውጭ ነው እኮ» ተባልኩ። የአዳማው ፈጣን መንገድ መነሻ ላይ ስለምንኖር ነዋሪ ሳንሆን መንገደኛ የምንመስለው ሰው ብዙ ነው። ተከራክረን ተከራክረን ሞተረኛው ቃሊቲ ድረስ መጣ፣ ያውም በክፍያ። ከዚያ ወዲህ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ አመጣሁት። ረዳቱ «ይኼ ካርቶን ምን ይዟል?» ሲለኝ «ልብ ነው» አልኩት። ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየ፣ የሌላውን ሰው ሂሳብ መሰብሰቡን ቀጠለ።

ካርቶኑ ውስጥ ልቡ በስስ ስፖንጅ ተጠቅልሏል። ነጭ መቆሚያው ለብቻው ነው። የክፍሎቹን ስም የያዘች አንዲት ወረቀትም አለች፤ ግማሿ ቻይንኛ፣ ግማሿ እንግሊዝኛ። የፕላስቲክ ሽታው ከባድ ስለሆነ ክፍል ከመውሰዳችሁ በፊት መስኮት ዳር አሳድሩት። መጠኑ የአዋቂ ሰው ልብ ያህል ነው። የፊቱ ግድግዳ በሁለት ማግኔት ስለተያዘ ሳብ ሲያደርጉት ይለቃል፤ ውስጡ አራቱም ክፍል ይታያል። ቁጥር 17 ሁለት ቦታ ተለጥፏል፣ አንዱ ደሙን ወደ መላ ሰውነት በሚያወጣው ትልቁ ደም ቅዳ፣ በአኦርታ ላይ፣ ሌላው ወደ ሳንባ በሚሄደው ደም ቅዳ ላይ። ወረቀቷ 17ን አኦርታ ስለምትል ሌላኛውን ልጣችሁ ጣሉት። የሰፈራችን አቧራ ደግሞ ፕላስቲኩን ይወደዋል፤ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይለቃል፣ ቁጥሮቹን ግን አትሹ።

ጥሩውን ልንገራችሁ፦ ቫልቮቹ፣ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉት በሮች። በግራ በኩል ያለው ሚትራል ሁለት ክንፍ አለው፣ በቀኝ ያለው ሦስት። ክንፎቹን ከታች ይዘው የሚያስቀሩት ነጫጭ ክሮች ከነጡንቻቸው ተሠርተዋል። ይህ በእኛ አገር ተራ ነገር አይደለም። በጊዜ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሩማቲክ ትኩሳት አስከትሎ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ይህንኑ ሚትራል ቫልቭ ነው። የወላጆች ስብሰባ ላይ ሞዴሉን ይዤ ወጥቼ «ቶንሲል ነው ብላችሁ አትናቁት፣ ሐኪም ይየው» ብያለሁ፤ ከኋላ የተቀመጡት ሁሉ ተነሥተው ሊያዩት መጡ። ለዚህ ብቻ እንኳ ብሩን ከፍሎኛል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ።

ግድግዳውን በማስመሪያ ለካሁት። የቀኙ ቬንትሪክል (ደሙን ከልብ የሚገፋው የታችኛው ክፍል) 6 ሚሊ ሜትር፣ የግራው 7። ይህ ትልቅ ውሸት ነው። በአዋቂ ሰው የግራው ቬንትሪክል ግድግዳ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የቀኙ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቀኙ ደሙን እዚያው አጠገቡ ላሉት ሳንባዎች ይገፋል፣ ግራው ግን እስከ አናትና እስከ እግር ጣት ያደርሳል። ፋብሪካው ለሁለቱም አንድ ሻጋታ የተጠቀመ ይመስላል።

ከሁሉ የባሰው ግን ቀለሙ ነው። የቀኙን ጎን ከነሥጋው ሰማያዊ፣ የግራውን ከነሥጋው ቀይ ቀብተውታል። መጻሕፍት ኦክስጅን ያነሰውንና የሞላውን ደም ለመለየት የሚጠቀሙበት ቀለም ነው፤ እዚህ ግን ግድግዳው ራሱ ተቀብቷል። የሳይንስ ክበብ ልጆች ተሰብስበው ሳለ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ሚስ፣ የቀኙ ሰማያዊ የሆነው ጂኑ ሌላ ስለሆነ ነው?» አለች። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሥጋው በሁለቱም በኩል ቀይ ነው፤ እዚያ ላይ ተሳስታለች። በውስጡ የሚሠሩት ጂኖች ግን በእርግጥም አንድ አይደሉም፤ እዚያ ላይ ሞዴሉን ከሠሩት ሰዎች ቀድማለች።

ሞዴሉ ልብን ኮዬ ፈጬ እንዳለ ኮንዶሚኒየም አስመስሎታል፤ አንድ ኮንትራክተር፣ አንድ ፕላን፣ አንድ ዓይነት ግድግዳ፣ የቀለም ልዩነት ብቻ። እውነቱ ሌላ ነው። በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ያሉት የጡንቻ ሴሎች ሁሉ ያላቸው ዘረመል ያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የትኛው ጂን የት በርቶ የት እንደሚጠፋ ላይ ነው። ይህንንም የሚያዙት ሌሎች ጂኖችን የሚያበሩና የሚያጠፉ ፕሮቲኖች ናቸው። እነዚህን ፕሮቲኖች የሚሠሩት ጂኖች ስማቸው እንደ መኪና ታርጋ ነገር ስለሆነ ልጆቹ መጀመሪያ ይሸሹታል፤ ቲቢኤክስ5፣ ሃንድ2፣ ኢርክስ4። ሥራቸውን ካዩ በኋላ ግን አይረሱትም።

ነገሩ የሚጀምረው እናትየዋ ማርገዟን ገና በምትጠረጥርበት ጊዜ ነው። በፅንሱ ሦስተኛ ሳምንት ልብ ቀጥ ያለች ቱቦ ናት፤ 22ኛው ቀን አካባቢ መምታት ትጀምራለች፣ ከዚያም ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። ቀድሞ ይታሰብ የነበረው አራቱም ክፍሎች ቱቦዋ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ እያደጉ ይሄዳሉ ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጡ ጥናቶች ግን ሌላ ነገር አሳዩ። የመጀመሪያዋን ቱቦ የሚሠሩት ሴሎች በዋናነት የግራውን ቬንትሪክል ይሆናሉ። የቀኙ ቬንትሪክልና ደም የሚወጣበት በር የሚሠሩት ኋላ ላይ ከሌላ ቦታ መጥተው ቱቦዋ ጫፍ ላይ በሚጨመሩ ሌሎች ሴሎች ነው። የላይኞቹ ሁለት ክፍሎች፣ ኤትሪየሞቹ፣ ከሁለቱም ወገን ይወስዳሉ። ስለዚህ የቀኙና የግራው ቬንትሪክል ከመነሻቸውም አንድ ወገን አይደሉም።

ይህን ይዤ ነው ታክሲ ማቆሚያው አጠገብ ካለው የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ የጥፍር ቀለም የገዛሁት። ባለሱቋ ሞዴሉን ስታይ «ይኼንን ልትቀቢው?» ብላ ራሷ ቀለም መረጠችልኝ፤ ዕንቁ ዕንቁ የሚያብለጨልጨውን አትውሰጂ፣ ፕላስቲክ ላይ ይላጣል ያለችውም እውነቷን ነው። መጀመሪያ መቆሚያው ሥር ሞክሩት። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ይድረቅ፣ ድገሙት። በአሴቶን ለማጥፋት ግን እንዳታስቡ፤ የፋብሪካውን ቀለም አብሮ ያነሣዋል፣ ፕላስቲኩንም ያሟሟዋል።

የግራውን ቬንትሪክል አረንጓዴ አደረግነው። የቀኙንና የመውጫውን ቧንቧ ሥር ቢጫ። ኤትሪየሞቹ ቢጫ መደብ ሆነው አረንጓዴ ሰረዝ ተሠራላቸው። ሁለቱን ቬንትሪክሎች የሚለየው መካከለኛ ግድግዳ ላይ ሁለቱ ቀለሞች ይገናኛሉ፤ እዚያ ጋ ልጆቹ መስመሩን ቀጥ ለማድረግ ሲታገሉ ተዉት አልኳቸው፣ በእውነተኛው ልብም ሁለቱም ወገን እዚያ ድርሻ አለው። ቀለሙ የሚያመለክተው የሴሎቹን መነሻ ነው፤ ጂኖቹን ደግሞ በነጠብጣብ ጨመርን።

ለቀኙ ቬንትሪክል ሃንድ2 ተጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ሥራ ይህ ጂን የሌላቸው የአይጥ ፅንሶች የቀኝ ቬንትሪክል ሳያበጁ ቀርተዋል። ግራው አለ፣ ቀኙ የለም። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለና አንዱ «ታዲያ አይጡ ይኖራል?» አለ። አይኖርም፤ ገና ሳይወለድ ይሞታል። ወንድሙ ሃንድ1 ደግሞ በግራው በኩል ይሠራል። አንድ ጂን ለአንድ ክፍል ብላችሁ ደብተራችሁ ላይ እንዳትጽፉ ብያቸዋለሁ፤ ሃንድ2 ብቻውን ቀኙን አይሠራም፣ ከነኤንኬኤክስ2-5፣ ከነጋታ4 ጋር በማኅበር ነው።

ላይና ታቹን ለመለየት ኤትሪየሞቹ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ፣ ቬንትሪክሎቹ ላይ ጥቁር። ሐምራዊው ኩፕ-ቲኤፍ2 ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የአይጥ ጥናት እንዳሳየው ይህ ጂን ከኤትሪየም ጡንቻ ሲወገድ ኤትሪየሙ የቬንትሪክል ጠባይ ይይዛል፤ ተገድዶ ቬንትሪክል ውስጥ ሲበራ ደግሞ ቬንትሪክሉ የኤትሪየም ጠባይ ይይዛል። ጥቁሩ ኢርክስ4 ነው፤ በጫጩት ፅንስ ላይ እንደታየው በቬንትሪክል ውስጥ የቬንትሪክሉን ጂኖች ያበራል፣ የኤትሪየሙን ያጠፋል። ማለትም አንዱ ክፍል የራሱን ማንነት መያዝ ብቻ አይበቃውም፤ የሌላውን እየከለከለ መኖር አለበት።

«ማንነት ማለት ምንድነው፣ ያው ደም መቀበያና መግፊያ አይደለም ወይ?» ላላችሁ፦ ኤትሪየም ትንሽ ቬንትሪክል አይደለም። የሚኮማተርበት ዋናው ፕሮቲን፣ ማዮሲን፣ ራሱ ሌላ ነው። በሰው ኤትሪየም ውስጥ የሚበዛው ፈጣኑ ዓይነት ነው፣ በቬንትሪክል ውስጥ ደግሞ ቀስ ብሎ በትንሽ ጉልበት የሚሠራው። በዚያ ላይ ኤትሪየም ሆርሞን ያመርታል። እ.ኤ.አ. በ1981 ካናዳ ውስጥ አዶልፎ ደ ቦልድ ከባልደረቦቹ ጋር የአይጥ ኤትሪየም ጭማቂ ለሌሎች አይጦች ሲወጋ ኩላሊታቸው ጨውና ውኃ በብዛት መጣል ጀመረ፤ የቬንትሪክል ጭማቂ ያን አላደረገም። ደም በዝቶበት ግድግዳው ሲለጠጥ ለኩላሊት «ቀንሺልኝ» ብሎ የሚልክ ክፍል ነው። ሞዴሉ ላይ ይህን የሚያሳይ ምንም የለም፤ በእርግጥ ይህን ከፕላስቲክ መጠበቅም ግፍ ነው።

የግራውን ኤትሪየም ብቻ በብርማ ቀለም ከበብነው፤ ፒትክስ2 ነው። ይህ ጂን የግራ ወገን ምልክት ነው። የልብ ምት የሚነሣበት ነጥብ በቀኙ ኤትሪየም ብቻ የተቀመጠውም በእሱ ምክንያት ነው፤ በግራ በኩል እንዳይበቅል የሚከለክለው እሱ ነው። ጂኑ የሌላቸው የአይጥ ፅንሶች በሁለቱም በኩል የምት መነሻ ያበጃሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በሰው 4ኛ ክሮሞሶም ላይ፣ ከዚሁ ጂን አጠገብ ያለ የዘረመል ልዩነት ኤትሪየም ያለ ሥርዓት ከሚንቀጠቀጥበት የምት መዛባት ጋር እንደሚያያዝ ታወቀ። ፅንስ ላይ የተጀመረው ነገር ስልሳ ዓመት ቆይቶ ክሊኒክ በር ላይ ይገኛል።

እዚህ ላይ ለሴት ተማሪዎቼ የነገርኳቸውን ለእናንተም ልድገም። ሴሎቹ ኤትሪየም ለመሆን ከሚሰሙት ትእዛዝ አንዱ ከቫይታሚን ኤ የሚሠራው ሬቲኖይክ አሲድ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ከስቴም ሴል (ገና ዓይነቱ ካልለየለት ሴል) የልብ ሴል የሚያመርቱ ሰዎች የኤትሪየም ዓይነት ሲፈልጉ ይህንኑ ይጨምሩበታል። የዚህ ወገን የሆነው ለብጉር የሚዋጠው አይሶትሬቲኖይን በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ፅንሱን፣ ልቡን ጨምሮ፣ ክፉኛ ይጎዳል። ከጓደኛ እየተቀባበሉ የሚውጡ አሉ፤ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይነካም።

ቀለሙ ደርቆ ሞዴሉ ካማረ በኋላ ከእውነተኛው ጋር ማስተያየት ነበረብኝ። ለዚህ የሰፈራችን ሥጋ ቤት ከሞዴሉ የተሻለ አገልግሎት ሰጥቶኛል፤ ስለዚህ እሱንም እግረ መንገዴን ልገምግም። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ናቸው።

«ጋሼ፣ ልብ ሲመጣ ሳይቆረጥ ይቀመጥልኝ» አልኳቸው።

«ለውሻ ነው?»

«ለተማሪዎች ነው።»

«እንግዲያው ያልተነካካውን ልምረጥልሽ።» በማግስቱ ስሄድ ከነቧንቧው ጠብቆኛል። ጣታቸውን በአኦርታው ከተቱና በሌላው እጃቸው ከውጭ ጨበጡት። «ይኸው፣ ይኼ ጎን ጠጣር ነው፣ ጣት ይመልሳል። ይኼኛው ጫን ስትይው ይገባል። ሁሌም እንዲህ ነው።» ግራና ቀኝ ሳይሉ ለዩት። ቀጥለውም «የበሬ ልብ አጥንት እንዳለውስ ለልጆቹ ትነግሪያቸዋለሽ?» አሉኝና አኦርታው ሥር ጣቴን አስነኩኝ፤ ጠንካራ፣ ጠፍጣፋ ነገር አለ። እውነት ነው፣ ከብት እዚያ ጋ አጥንት አለው። ሰው የለውም፤ ሞዴሉም የለውም፣ በዚህ አልከሰውም።

ክፍል ውስጥ ቆርቆሮ ትሪ ላይ አድርገን መሃሉን በአግድሙ ቆረጥነው። የግራው ቬንትሪክል ክብ ሆኖ ቀረ፤ ቀኙ ከጎኑ ተለጥፎ ጨረቃ መሰለ። በማስመሪያ ሲለካ የግራው ግድግዳ ከቀኙ ሁለት እጥፍ በላይ ነው። ቀኙን ስንከፍት ከመካከለኛው ግድግዳ ተነሥታ ወደ ውጭኛው የምትሻገር ጠንከር ያለች የሥጋ ድልድይ አገኘን። ልጆቹ ስሕተት መስሏቸው ሊቆርጧት ነበር። የኤሌክትሪክ መልእክቱ በእሷ ላይ አቋርጦ ስለሚያልፍ የቀኙ ቬንትሪክል የራሱ ምልክት ናት፤ በሰውም አለች፣ ሞዴላችን ላይ ግን ጭራሽ አልተሠራችም። ኤትሪየሞቹ ደግሞ ስስ ናቸው፤ ከጫፋቸው የተንጠለጠለውን ኪስ ገልብጠን ስናይ ውስጡ በተርታ የተሰደሩ ቀጫጭን የሥጋ ሸንተረሮች ሞልተውታል። ሞዴሉ ላይ ያ ኪስ ድፍን ነው፣ አይከፈትም።

የሥጋ ቤቱ ችግር አንድ ነው፤ ሁዳዴ ሲገባ ይዘጋል። ዘንድሮ የደም ዝውውር ምዕራፋችን ከጾሙ ጋር ገጠመ። ስለዚህ ከገና ማግስት ቤታቸው በግ የሚታረድላቸውን ልጆች ልቡን በላስቲክ እንዲያመጡ አድርጌ በፍሪጅ አኑሬው ነበር። የበግ ልብ ለአንድ ጠረጴዛ ይበቃል፣ ለመቁረጥም ይቀላል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ቶሎ ወስኑ፣ በሁለተኛው ቀን ክፍሉ ውስጥ መቆም አይቻልም።

ልጆቹ ያልጠበቁትን ያህል የያዛቸው የቲቢኤክስ5 ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ለንደን ውስጥ ሜሪ ሆልትና ሳሙኤል ኦራም የተባሉ ሐኪሞች በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የልብ ግድግዳ ክፍተትና የእጅ፣ በተለይም የአውራ ጣት አፈጣጠር ችግር አብረው ሲወራረሱ አዩ። ምክንያቱ ቲቢኤክስ5 መሆኑ የታወቀው በ1997 ነው። ጂኑ በልብም ይሠራል፣ ክንድና እጅ በሚበቅሉበት ቦታም ይሠራል፤ እግር ላይ ግን ሌላ ጂን ስላለ እግር አይነካም። ከእናትና ከአባት ከመጡት ሁለት ቅጂዎች አንዱ ብቻ ሲበላሽም በሽታው ይመጣል፤ ልብ የሚፈልገው መጠኑን ነው፣ ግማሹ አይበቃውም። ይህን ስናገር ሁሉም ሳያውቀው አውራ ጣቱን እያገላበጠ ማየት ጀመረ። የተጣመመ ጣት ያለው ሁሉ የልብ ሕመምተኛ አይደለም ብዬ ማረጋጋት ነበረብኝ፤ በዚህ በሽታ የሚታየው ለምሳሌ ሁለት አጥንት ሊኖረው የሚገባው አውራ ጣት ሦስት ሲኖረው፣ ወይም ጣቱ ጭራሽ ሳይኖር ሲቀር ነው። ከልብ ችግር ጋር የሚወለዱ ሕፃናት በዓለም ላይ ከመቶ አንድ ገደማ ናቸው፤ ሰፈር ውስጥ «ልቡ ቀዳዳ አለው» የሚባል ልጅ የማያውቅ ተማሪ አልነበረም። ግን ከእነዚህ ውስጥ የአንድ ጂን ጥፋት ሆኖ የሚገኘው ጥቂቱ ነው፤ ይህንንም ጠበቅ አድርጌ ተናግሬያለሁ፣ ቤት ሄደው «በማን ዘር መጣ?» የሚል ክርክር እንዳያስነሡ።

ይኸው ጂን «እንቁራሪት ለምን አንድ ቬንትሪክል ብቻ ኖራት?» ለሚለው የየዓመቱ ጥያቄም ጫፍ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንደሚለው በወፍና በአጥቢ እንስሳት ፅንስ ቲቢኤክስ5 በግራው በኩል በርቶ ቀኙ ጋ ሲደርስ ድንገት ይቀንሳል፤ መካከለኛው ግድግዳ የሚቆመው እዚያ ድንበር ላይ ነው። አንድ ቬንትሪክል ብቻ ባለው አኖሊስ በሚባለው እንሽላሊት ጂኑ እኩል ተሰራጭቷል፤ በኤሊ ደግሞ መካከለኛ ነው፣ ወደ ግራ ያደላል ግን ድንበሩ የሰላ አይደለም። በአይጥ ላይ ሆን ተብሎ እኩል እንዲሰራጭ ሲደረግ ግድግዳው ቀረ፣ አንድ ቬንትሪክል ብቻ ሆነ። ሞዴሉ ላይ አረንጓዴውና ቢጫው የሚገናኙበትን መስመር እያሳየሁ ነው ይህን ያስተማርኩት፤ ከዚያ በፊት በቃል ብቻ ሞክሬው ማንም አልተከተለኝም።

ለማን ይሆናል ታዲያ? ለክሊኒክ፣ ለታካሚ ቫልቭ ለማሳየት፣ ይበቃል። ለታችኛው ክፍል ተማሪዎች የፋብሪካው ቀለም እንዳለ ይሁን። ለመሰናዶ ተማሪዎች ግን ወይ ቀቡት፣ ወይ ገንዘባችሁን ያዙና ሥጋ ቤት ሂዱ። 4,500 ብር ለዚህ ዕቃ ውድ ነው፤ 3,000 ቢሆን አልቆጭም ነበር። ከማግኔቶቹ አንዱ ተነቅሎ በሱፐር ግሉ መልሼዋለሁ፣ እስካሁን ይዟል። ስለ 17 ቁጥር ለሻጩ ጽፌለት «እናስተካክላለን» ካለኝ በኋላ ድምፁ የለም።

አሁን የምፈልገው የፅንስ ልብ ተከታታይ ሞዴል ነው፤ ቱቦዋ ስትታጠፍ፣ ክፍሎቹ ሲያብጡ ደረጃ በደረጃ የሚያሳየውን። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጥበትን ወይም የሚያከራይ የሚያውቅ ካለ መጠኑንና ዋጋውን ከሥር ይጻፍልኝ፤ የትምህርት ቤቱ በጀት ሳይዘጋ ማመልከቻ ማስገባት አለብኝ።